ከከዘራው ድምፅ ወዲያ

አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ከመሃል ከተማ ሚኒባስ ይዤ ከተማው ዳር ወዳለችው ሠፈራችን ወደ ቱላ እወርዳለሁ፤ ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን ኮረኮንች በእግሬ እሄዳለሁ። ስደርስ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ሳሎኑን ዞረው ተደርድረው፣ ሰዎቹ ተቀምጠው፣ የበቆሎ ቅቅሉም በትሪ ቀርቦ ይጠብቀኛል። አባቴ ከበሩ ትይዩ ባለችው የእንጨት ወንበሩ ላይ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ይቀመጣል። የእኔ ቦታ ከቀኙ ነው።

የጥናቱ ሥርዓት ከዓመት ዓመት አይለወጥም። አባቴ ምዕራፉንና ቁጥሩን በቃሉ ይጠራል፤ እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ ይበቃል የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ በከዘራው ሊሾውን አንድ ጊዜ ኳ ያደርጋል። አቆማለሁ። ከዚያ ያነበብኩትን እሱ በአገሩ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ ይደግመዋል፤ ከተቀመጡት ገሚሱ አማርኛን ለገበያና ለቢሮ እንጂ ለጸሎት አይጠቀሙበትምና። ቀጥሎ ያስተምራል። ዕድሜውን በሙሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዞ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጡረታ ከወጣም፣ የዓይን ግፊቱ ብርሃኑን ከወሰደበትም በኋላ ማስተማር አልተወም። እናቴ ካረፈች ወዲህማ ሳምንቱ ለእሱ ሐሙስና የሐሙስ መጠበቂያ ብቻ ሆኖ ነበር። ረቡዕ ማታ ሸሚዙን ተኩሺልኝ ብሎ ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። እኔ አንድ ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣ ከገባኝ ደግሞ ሌላውን ሰው እንቅልፍ የምነሳ ሰው ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች፣ ይህች ልጅ የሚከራከራት ስታጣ ከጥላዋ ጋር ትጣላለች ትል ነበር። አልተሳሳተችም።

ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ውድድር ነበረን። አስተማሪያችን ከነቢያት አንድ ቃል ታነባለች፤ እኛ ፍጻሜውን ከወንጌል ፈልገን እናገኛለን። ቀድሞ ያገኘ ብድግ ብሎ ያነባል፤ ይጨበጨብለታል፤ በዓል ሲደርስ ደብተር ይሸለማል። በሠፈራችን እኔን የሚቀድም ልጅ አልነበረም። ቤተልሔም ሲባል፣ የአህያ ውርንጭላ ሲባል፣ ሠላሳ ብር ሲባል ጣቴ ገጹ ላይ ነበር። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሩጫ ከቁጥሩ በላይና ከቁጥሩ በታች ምን እንደተጻፈ የማይበት ጊዜ አልነበረኝም። ቆም ብሎ ያየ ተሸናፊ ነው።

ከላይና ከታች እንዳነብ ያደረገኝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። እኔ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው የምመዘግብ ሠራተኛ ነኝ፤ የተዋሰውን መጽሐፍ ሳይመልስ እየቀረ ነው ከእሱ ጋር የተዋወቅነው። ከጎጃም የመጣ፣ ልጅነቱን በአብነት ትምህርት ቤት ያሳለፈ፣ ዳዊትን በቃሉ የሚወርድ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማመን ያቃተው ሰው ነው። ማመን አቃተኝ ይበል እንጂ በጾም ቀን ሐይቅ ዳር ምሳ ስንወጣ ዓሣ አይነካም። እኔ የተጠበሰ ዓሣዬን እየገነጠልኩ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች አጥንቱን ሊቀሙኝ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ እሱ ሽሮውን በዝምታ ሲጠቀልል ሳየው ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ ካላመንክ ለማን ነው የምትጾመው አልኩት። «እምነቱን ነው የተውኩት፤ እናቴን አልተውኳትም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በጾሙ አላሾፍኩበትም።

ክርክራችንን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ትንቢቶቹን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ይህን ሁሉ ሰው አቅዶ ሊያገጣጥመው አይችልም እያልኩ ስሟገተው፣ ከመሃላቸው አንዷን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የትኛዋን ስለው፣ ማቴዎስ ሕፃኑ ኢየሱስ ከስደት ሲመለስ የሚጠቅሳትን፣ ልጁ ከግብፅ ስለ መጠራቱ የምትናገረዋን አለኝ። ሆሴዕ ዘንድ ሂጂ፣ ምዕራፉን አንብቢ፣ ከዚያ እንነጋገራለን። የሐሙስ መምህር ልጅ ሆኜ አንብበሽ ታውቂያለሽ ወይ መባሌ አንገብግቦኝ ያን ቀን ሂሳቡን ሳልከፍል ተነሥቼ ሄድኩ።

ወር ያህል ቆይቼ ነው ያነበብኩት። ነቢዩ ስለሚመጣ ነገር ሳይሆን ስላለፈ ነገር ነበር የሚያወራው። ልጅ የተባለው ሕዝቡ ነው፤ ከግብፅ መውጣቱም ለነቢዩ ራሱ የአያት የቅድመ አያት ታሪክ ነው። ከሁሉ የባሰብኝ ቀጣዩ ቁጥር ነበር። ያ የተወደደ ልጅ በተጠራ ቁጥር ከጠሪው እየራቀ ይሄዳል፣ ለጣዖትም ይሠዋል። ይህን በኢየሱስ ላይ ማን ይለጥፈዋል? መጽሐፉን ዘግቼ የምመዘግባቸው ካርዶች ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ጓደኛዬ ድል አደረግኩ ብሎ አልፎከረም። ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ የሚያስበውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። እነዚያ ሰዎች ተስፋቸውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ጥለው ነበር፤ ሰውየው በአደባባይ ተገደለባቸው፤ በድንጋጤ ወደሚያውቁት አሮጌ መጽሐፍ ተመለሱ። «ሰው የሞተበት ሰው በሄደበት ሁሉ የሟቹን ፊት ያያል። እነሱም በየገጹ አዩት። እምነቱ የተወለደው እዚያ ላይ ነው፤ በቃ» አለኝ።

አለቀስኩ። ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም፤ ግን ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ አሮጌ ጋዜጦች በሚቀመጡበት ክፍል፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ ደብተር አሳፈረኝ። ንዴቴ ግን ወደ ጓደኛዬ አልሄደም፤ ወደ አባቴ ሄደ። ያን የሆሴዕ ምዕራፍ ለጥናት በጠራ ጊዜ ሁሉ የመጀመሪያውን ቁጥር አንብቤ ስጨርስ ከዘራው ኳ ሲል ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ እዚያው ላይ፤ አንድም ቀን አሳልፎኝ አያውቅም። እንግዲያው ከታች ያለውን ያውቀዋል፣ አውቆም ይደብቀናል ብዬ ደመደምኩ። በራሱ ልጅ አፍ ግማሽ ነገር ሲያስነብብ ኖሯል ብዬ አመንኩ።

ከሐሙስ ሰዎች አንዷ የቡሹሎዋ እማማ ነበሩ። ቡሹሎ ከሐይቁ ወዲህ ያለ ሠፈር ነው፤ እዚያ ጤና ጣቢያው አጠገብ ላም ያረባሉ፤ ወተቱን ለሠራተኞቹ ይሸጣሉ። ሐሙስ ሁለት ባጃጅ ቀይረው ቱላ ይደርሳሉ፤ ቀርተው አያውቁም። አንድ ልጃቸው በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት ሆኖታል። መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ኋላ የድምፅ መልእክት ይልክ ነበር፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልብ የተጨነቀበት ሰው ሲጸለይለት ከመጽሐፍ አንድ ቃል ይሰጠዋል፤ ያ ቃል የእሱ ይሆናል፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ለእማማ በጸሎት መሃል የተሰጣቸው ያ ልጁ ከግብፅ ስለ መጠራቱ የሚናገረው ቃል ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱ ግን ከአልጋቸው በላይ ነው ይባላል። ሰው ስለ ልጃቸው ሲጠይቃቸው ይመጣል፣ ቃል አለኝ ነበር የሚሉት።

ከእኔ ጋር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። ጥናቱ ሲያልቅ ስልካቸውን በክር አንገታቸው ላይ ከሚያንጠለጥሏት የፕላስቲክ ከረጢት አውጥተው ይሰጡኛል። የልጃቸውን የመጨረሻ የድምፅ መልእክት ፈልጌ እከፍትላቸዋለሁ። ረጅም አይደለም። ደኅና ነኝ፣ አታስቢ፣ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝቻለሁ ይልና በመጨረሻ ትቷት የሄደውን እርጉዝ ላም አንሥቶ ወለደች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ያልቃል። እማማ በየሐሙሱ ስልኩን ወደ አፋቸው ጠጋ አድርገው ወልዳለች ብለው ይመልሱለታል። ያቺ ጥጃ አድጋ ራሷ ሁለት ጊዜ ወልዳ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያደረግኩትን ያደረግኩት። አላሰብኳቸውም ብል ግማሽ እውነት ነው። በዚያ ሰሞን ከአባቴ በቀር ሰው አይታየኝም ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለነበር ያን ሐሙስ ጮኽ ብዬ ነበር የማነበው። አባቴ ያን የሆሴዕ ምዕራፍ ጠራ። የመጀመሪያውን ቁጥር አነበብኩ። ከዘራው ኳ አለ። አላቆምኩም። ሁለተኛውን ቁጥር ጀመርኩ። ከዘራው እንደገና፣ ጠንከር ብሎ ኳ አለ። ሰዎቹ ቀና ቀና አሉ። እኔ እያንዳንዷን ቃል እያስረገጥኩ፣ ልጆቹ በተጠሩ ቁጥር ከጠራቸው እንደራቁ እስከሚለው አንብቤ ጨረስኩና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘጋሁት። «አባዬ፣ ይሄ ትንቢት አይደለም። ያለፈ ታሪክ ነው» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ እማማ በሲዳሙ አፎ፣ ልጅቷ ምን አለች ብለው አባቴን ጠየቁት። ሥርዓቱ ነበርና ሁሉም የእሱን ትርጉም ይጠብቅ ነበር። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሊዘለው ይችል ነበር፤ አማርኛው ጠንቅቆ የገባቸው ከሦስትና ከአራት አይበልጡም፣ እነሱም ዝም ይሉለት ነበር። አባቴ ግን ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድም ቃል ሳይቀንስ፣ ልጁ በተጠራ ቁጥር እየራቀ መሄዱን ለእማማ በቋንቋቸው ነገራቸው። እኔ ለእሱ ብዬ የወረወርኩት ነገር በእሱ አፍ አድርጎ እሳቸው ላይ አረፈ።

አባቴ አጭር ጸሎት አድርጎ ጥናቱን ዘጋ፤ የበቆሎ ቅቅሉን ማንም አልነካውም። እማማ ሻርፓቸውን ተከናንበው ዝናቡ ሳያባራ ወጡ። ስልካቸውን አልሰጡኝም። በቀጣዩ ሐሙስ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ በሚቀጥለውም።

የሰው ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ከሁለተኛው ሐሙስ ቀጥሎ በዋለው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሽማግሌ ከሁለት ሰዎች ጋር አባቴን ሊያነጋግሩ መጡ። መሃል ከተማ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ፣ እናቴ ስታርፍ ድንኳኑን በትከሻቸው ተሸክመው የመጡ፣ የአባቴን የዓይን ጠብታ ከአዲስ አበባ የሚያስመጡለት ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ ብርጭቆ እያጠብኩ እሰማለሁ። የተጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር። መምህር፣ በሐሙስ ጥናት ላይ ልጄ በስሕተት አነበበች ብለው ይናገሩ፤ እሷም ይቅርታ ትጠይቅ፤ ሌላ አንባቢ ይመደብ፤ የቡሹሎዋ እናታችንም ልባቸው ተጽናንቶ ይመለሱ። ካልሆነ ግን ሰው ተሰናክሏልና ጥናቱ ለጊዜው ወደ ሌላ ቤት ቢዛወር ይሻላል። ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይለምን ነበር።

እኔ ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ እሺ በላቸው አባዬ፣ እሺ በላቸው እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሙስን ከእሱ የምወስደው እኔ እንደሆንኩ ታየኝ። ፈራሁ።

«ልጄ ያነበበችው የተጻፈውን ነው» አለ አባቴ። «ክፉ ልብ ይዛ ነው ያነበበችው፤ ስለ ልቧ እኔና እሷ እንነጋገራለን። ተሳስታ አነበበች ብዬ ብናገር ግን የምዋሸው በእሷ ላይ አይደለም።»

ሽማግሌው ጸለዩ፣ ሻያቸውን ጨርሰው ጠጡ፣ አባቴን ትከሻውን ስመው ወጡ። ሐሙስ ጥናቱ የተደረገው እሳቸው ቤት ነው። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

እኔ ያን ሐሙስ እንደ ወትሮዬ ቱላ ወረድኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም። ወንበሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ጥግ ቆመዋል። አባቴ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ትሪው ላይ የሁለት ሰው የበቆሎ ቅቅል አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል የሰማሁት ስለ ሌላ ሰው ነበር። ከቀኙ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«እዚያ ለምን ቆምሽ?»

የቱ ጋ አልኩት።

«ሁለተኛው ላይ። ከዘራዬን ካለፍሽ እስከ መጨረሻው ማለፍ ነበረብሽ። እኔ አንደኛው ላይ አቆማለሁ፤ አንቺ ሁለተኛው ላይ አቆምሽ። ታዲያ ልዩነታችን የአንድ ቁጥር ነው።»

ከፍተሽ ጨርሺው አለኝ። ጮኽ ብዬ ቀጠልኩ። ጠሪው ያን የሚሸሽ ልጅ እጁን ይዞ መራመድ እንዳስተማረው ይናገራል። ይቆጣል፣ ቅጣቱን ይቆጥራል። ከዚያ መሃል ላይ ልቡ ይገለበጥበታል፤ እንዴት አድርጌ እተውሃለሁ ይላል። ወደ መጨረሻው ደግሞ ልጆቹ ከግብፅ እንደ ወፍ እየተንቀጠቀጡ ሲመለሱ፣ በየቤታቸውም ሲቀመጡ ይታያል። ይህን ቤተ መጻሕፍት ውስጥም አንብቤው ነበር። ለክርክሬ ስላልጠቀመኝ ግን ዓይኔ እላዩ ላይ አልቆየም ነበር። ልክ እንደ ልጅነቴ ውድድር፣ የምፈልገውን ካገኘሁ በኋላ ብድግ ብዬ ነበር።

አባቴ ከዘራውን በእጁ እያዞረ የራሱን ነገረኝ። ድሮ፣ ገና በራሱ ዓይን ሲያነብ፣ ያን ምዕራፍ ሙሉውን ነበር የሚያስተምረው። እዚያ ቁጥር ላይ ማቆም የጀመረው ቃሉ ለእማማ ከተሰጣቸው ቀን አንሥቶ ነው። ሁለተኛውን ቢሰሙ ምን ይሆናሉ ብሎ ፈርቶ ነው። እኔ ያታልለናል ብዬ የተቆጣሁበት ከዘራ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። «እኔም አጥፍቻለሁ» አለኝ። «ሁለተኛውን ፈርቼ የወፏን ቁጥር ነፈግኋቸው። ያን ሁሉ ሐሙስ።»

እንደዚያ ሲለኝ ደፈርኩና ስለ ጓደኛዬ ነገርኩት፤ ሰው የሞተባቸው ሰዎች በአሮጌው መጽሐፍ በየገጹ የሟቹን ፊት አዩ፣ እምነቱም እዚያ ላይ ተወለደ፣ በቃ እንዳለኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አዳመጠ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ እሱ ራሱ በማያይ ዓይኑ ስንት ጊዜ በር ላይ እንዳያት ነገረኝ። ማቴዎስ እንዳንቺ የመጽሐፍ መዝጋቢ አልነበረም፣ የሚወደውን ሰው የሚፈልግ ሰው ነበር አለኝ። «ጓደኛሽ ልክ ብሏል። እኔ የማልስማማው በቃ ያለው ላይ ብቻ ነው።»

ይህን ለጓደኛዬ ሳደርስለት ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሽሮውን ሳይጨርስ ተወው። አባትሽን አንድ ቀን ታስተዋውቂኛለሽ አለኝ።

ቅዳሜ እኔና አባቴ በባጃጅ ቡሹሎ ሄድን። ወሬያችንን ሰምተው ይሆናል፣ እማማ ከላሚቱ አጠገብ ቆመው ነበር። አባቴን እጁን ይዘው አስገቡት፤ እኔን ግቢ አሉኝ፣ ሌላ አላሉኝም። አባቴ ከዘራውን ከደጅ ግድግዳው ላይ አስደግፎ ነበር የገባው። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ አራት የፕላስተር ምልክቶች አየሁ፤ መሃላቸው ያለው ቀለም ከሌላው ይልቅ ፈካ ያለ ነበር። ወረቀቱ የለም። ትኩስ ወተት በብርጭቆ አቀረቡልን።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ያነበብኩት ለእርስዎ ብዬ አልነበረም፤ ለእልሄ ነበር። ያም ሆኖ አልጨረስኩትም። ዛሬ ልጨርስልዎት መጥቻለሁ።»

ጨርሺ የሚልም፣ ተይው የሚልም ፊት አልነበራቸውም። አነበብኩ። አባቴ በሲዳሙ አፎ እየተከተለ፣ ሁለተኛውንም ቁጥር ሳይሸሽ፣ እጅ ይዞ ስለ ማስራመድ፣ እንዴት እተውሃለሁ ስለ ማለት ነገራቸው። ወፏ ጋ ስንደርስ ድምፁ ተሰበረ። ጠበቅነው። እንደገና ከመጀመሪያዋ ቃል ጀመረውና ጨረሰው። የሚያስቆመን ድምፅ አልነበረም፤ እኔ ግን በየቁጥሩ መጨረሻ ጆሮዬ ይጠብቀው ነበር።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ ነበር ያናገሩኝ፤ መልሱን ከእኔው አፍ ሊሰሙ ፈልገው ይመስለኛል።

«አንቺ ታምኛለሽ?»

ልዋሽላቸው ፈለግኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከልቤ ፈለግኩ። ይመጣል እማማ፣ ይህ ስለ እሱ ነው የተጻፈው ለማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አባቴ ግን በሽማግሌው ፊት ያለው ትዝ አለኝ፤ ሐሙስን ያህል ነገር ከፍሎበታል።

«እማማ፣ ስለ እርስዎ ልጅ የተጻፈ አይመስለኝም። ስለ ድሮ ሰዎች ነው» አልኩ።

እማማ የወተቱን ብርጭቆ እያዩ ቆዩ። ውጭ ላሚቱ አንድ ጊዜ ጮኸች።

«ድሮም ልጅ ይሄድ ነበር?» አሉኝ።

«ይሄድ ነበር።»

«ሲጠሩት ይርቅ ነበር?»

«ይርቅ ነበር።»

«የሚጠራው ግን አልተወም?»

መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁት፤ ይህን ብቻ ያለ ምንም ማመንታት ልመልስላቸው እችል ነበር።

«አልተወም እማማ።»

እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ከረጢቷን ከአንገታቸው አውልቀው ከፈቷት፤ ስልኩ ሲወጣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አብሮት ወጣ። ወረቀቱን መልሰው ከተቱት። ስልኩን ሰጡኝ። መልእክቱን ፈልጌ ከፈትኩት፤ ሦስታችንም አንገታችንን አቀርቅረን እስከ መጨረሻው ሰማነው። ደኅና ነኝ አለ፤ አታስቢ አለ፤ ላሟ ወለደች ወይ አለ። እማማም ስልኩን ከእጄ ሳይወስዱ ጎንበስ ብለው «ወልዳለች» አሉት።